የዴልማር ሮር ቢጫ ወረቀት

ሜይ 3፣ እሑድ

የእህቴ ልጅ ሮይስ ከዳኝ። ከስድስት ዓመት በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በእኔ እስክሪብቶ፣ «አዲስ ግብር አልደግፍም» የሚለውን ካርዴን ፈረመ። ባለፈው ሐሙስ ቶፒካ ላይ በካንሳስ ግዛት ምክር ቤት የሽያጭ ግብር እንዲጨመር ድምፅ ሰጠ። ከከተሜዎቹ ጋር ተደራድሮ ነው። እነሱ ግብሩን አገኙ፤ እሱ ለገጠር ሆስፒታሎች ድጎማ አገኘ። ሰጥቶ መቀበል ይሉታል። እኔ የማውቀው ስም ሌላ ነው።

እናቱ ስትሞት አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔና ሚስቴ ኔድራ ልጅ የለንም። እዚህ ቤት አደገ። ማንበብ የሚገባውን መጽሐፍ እኔ ሰጠሁት፣ ክርክርም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወደ ምክር ቤት ሲገባም በእኔ ስም ነው የገባው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጁን ዘረጋልኝ። ኪሴ ውስጥ የመኪና ቁልፍ እየፈለግሁ ስለነበር አልጨበጥኩትም። ቁልፉ ኔድራ ጋ ነበር።

ሜይ 6

ኔድራን ለኩላሊት እጥበት ዌልበርን ሆስፒታል አደረስኳት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ክፍሉ አራት ወንበር አለው፤ የእሷ መስኮቱ አጠገብ ያለው ነው። አራት ሰዓት ትቀመጣለች። እኔ ፒካፑ ውስጥ አነባለሁ። ከቤታችን አሥራ አንድ ማይል ነው።

ነርሷ ጆሌን ኔድራን ደግፋ ይዛ ስትወጣ፣ «ሮይስን ካገኙት፣ ክፍላችን እንዳይዘጋ ስላደረገ ጆሌን አመሰግናለሁ ትላለች በሉልኝ» አለችኝ።

አላገኘውም አልኳት።

ሜይ 19

ስለ ወረቀቱ ልጻፍ፤ ሥራው ሊጀመር ነውና።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በየሁለት ዓመቱ ጁላይ ላይ፣ ከፓርቲው የውስጥ ምርጫ በፊት፣ በቢጫ ወረቀት አንድ ገጽ አሳትማለሁ። የተወካያችን ድምፅ በሙሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል፣ ነጥብም ይሰጠዋል። ሁሉም ከመቶ ይጀምራል። አዲስ ግብር የደገፈ ሠላሳ ይቀነስበታል። ከሰማንያ በታች የሆነ ከስሙ ትይዩ «አይገባውም» ተብሎ ይጻፍበታል። በዚህ ወረዳ ሌላው ፓርቲ ዕጩ እንኳ አያቀርብም፤ የኦገስቱን ምርጫ ያሸነፈ ኖቬምበር ላይ የሚገጥመው የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ይነበባል። ሦስት ተወካዮች ከቢጫው ወረቀት በኋላ ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። አንዱ ዌንደል ኦት ነው፤ ሚዜዬ ነበር። ሰባ አራት አገኘ። እስኪሞት አላናገረኝም። ደንቡን ግን ለእሱ ስል አላጠፍኩትም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ሕገ መንግሥቱን ያነበብኩት ትራክተር ላይ ነው፤ የሕግ መጻሕፍቱን ደግሞ ከጨረታ ገዝቼ። የተማሩት ሰዎች «እንደ ሁኔታው ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ሁኔታ ሁልጊዜ አለ። ደንብ የወጣው ለዚያ ነው።

ሮይስ ዘጠና ስምንት ነበረው። ሠላሳ ሲቀነስ ስልሳ ስምንት። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ጁን 2

ትሬንት ሆኬት የሚባለው መጣ። የከብት መኖ ነጋዴ ነው፤ ሬዲዮ ላይም ይናገራል። ሮይስን ሊገጥም ነው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ዴልማር፣ ወንድሜ» አለኝ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እሱ አርባ ሊሞላው ነው።

«ግብሩን እሽረዋለሁ። ሙሉውን። ከማንም ጋር አልደራደርም» አለ።

«ካርድ አለኝ» አልኩት።

«ስጠኝ እንጂ።»

የፒካፑ ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመ። አላነበበውም። ሮይስ ያኔ ሁለት ጊዜ አንብቦት ነበር፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ።

አቋሙ ትክክል ነው። ከእኔ አቋም የሚለይበት ነገር አላገኘሁም። ሲሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጁን 11

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጎተራ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቡና ይጠጣሉ፤ ዳይስ ወርውሮ የተሸነፈ ይከፍላል። በኋለኛው በር ስገባ ሊዮ ፋይስት እየተናገረ ነበር።

«... ወረቀቱ ሲወጣ ኔድራን ወዴት ሊወስዳት ነው? ሔይስ? ዘጠና ማይል በዚያ ዓይኑ?»

አዩኝ። ሊዮ ዳይሱን ገፋልኝ። «ና አንተ ሽማግሌ፣ ወርውር» አለ።

ወረወርኩ። ተሸነፍኩ።

ሆስፒታሉና ግብሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገንዘብ ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ከየት እንደሆነ መንገር የእኔ ሥራ አይደለም። ዓይኔም ደህና ነው። ግራው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ማለዳ ብቻ።

ጁን 24

ስንዴ እያጨድን ነው። ሦስተኛ ቀን። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አጨዳ ላይ የእህል መኪናውን የሚነዳልኝ ሮይስ ነው። ዘንድሮ አይመጣም ብዬ ሰው ፈልጌ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስወጣ መኪናው ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ሮይስም መሪውን ይዞ ተቀምጧል። አልጠራሁትም። አላባረርኩትም።

ዛሬ የኮምባይነሩ ቀበቶ ተበጠሰና አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ሮይስ መጥቶ እፍኝ ስንዴ አነሣና አኘከ።

«ደርቋል» አለ።

«ደርቋል።»

ቀበቶውን አብረን አሰርን። እጁ አሁንም ቀልጣፋ ነው። እንዲህ ስንሠራ መናገር ይቀለኛል።

«ወረቀቱ ላይ አንድ ደንብ ልጨምር ነው» አልኩት።

«ምን ደንብ?»

«ተሳስቻለሁ ብሎ በግልጽ ለሚናገር ሰው፣ ከተቀነሰበት ግማሹ ይመለስለታል። ሰማንያ ሦስት ይሆንልሃል።»

ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ያልነበረ ደንብ?»

«ሳስብበት ቆይቻለሁ።»

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ድርድር ነው።»

«ድርድር አይደለም። ደንብ ነው።»

«እሺ፣ ደንብ ይሁን። ግን አልተሳሳትኩማ። ዓይኔን ገልጬ ነው ድምፄን የሰጠሁት። አሁን ወንበሬን ላትርፍ ብዬ ተሳስቻለሁ ካልኩ፣ ያኔ ነው የምዋሸው። ያላመንክበትን አትናገር ብሎ ያሳደገኝ ማን ሆነና?»

«ካርዱን ስትፈርም ዋሽተሃላ።»

«ስፈርም ጠይቄዎታለሁ። ሰው የሚሞትበት ነገር ቢመጣስ አልኩዎት። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

አላስታውስም አልኩት።

አስታውሳለሁ። «ካልሆነ በቀር የሚባል ነገር ካርዱ ላይ የለም» ነበር ያልኩት። ያንን በማለቴ ኮርቼ ነበር። ለሊዮም ነግሬዋለሁ።

ሮይስ ወደ መኪናው ተመለሰ። ይህን ሁሉ ስናወራ የኔድራን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። ቢያነሣ የምመልስለትን አዘጋጅቼ ነበር። አላነሣም።

ጁን 25

አዲሱን ደንብ ሰረዝኩት። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚወጣ ደንብ ደንብ አይደለም። ምን ነክቶኝ እንደነበር አላውቅም። ሙቀቱ ይሆናል።

ስልሳ ስምንት።

ጁላይ 9

ወረቀቱ ታተመ። ሦስት መቶ ቅጂ። ማጠፍ የኔድራ ሥራ ነው፤ በማንኪያ እጀታ ትተኩሰዋለች፣ ጠርዝ ለጠርዝ፣ እንደ እሷ የሚያጥፍ የለም። ዘንድሮ ክንዷ ስላበጠ እኔ ላጥፍ አልኩ።

«አንተ ታጣምመዋለህ፤ ተወው» አለችኝ።

የመጀመሪያውን አንሥታ አነበበችው። በሌላ ጊዜ አታነብም። መነጽሯን አድርጋ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ አጠፈችው። ከዚያ ሁለተኛውን። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«የምትዪው ነገር አለ?» አልኳት።

«ነጥቡ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«እንግዲያው ምን እላለሁ?»

ሦስት መቶውንም አጠፈች። እስከ ምሳ ፈጀባት። ሁለቴ አረፈች። ሲያልቅ በላስቲክ በሃምሳ በሃምሳ አስራ ሣጥኑ ውስጥ ደረደረችው፣ እንደ ሁልጊዜው። ሣጥኑን ልወስድ ስል እጇን እጄ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። የደከማት መስሎኝ እስክታነሣ ጠበቅሁ።

ጁላይ 12

አደልኩ። ጎተራው፣ የከብት ጨረታው፣ ሦስቱ ቤተ ክርስቲያናት፣ ነዳጅ ማደያው። ሊዮ አንዱን ተቀብሎ ሳይከፍት ኪሱ ከተተው።

«አታነበውም?» አልኩት።

«ምን እንደሚል አውቃለሁ። አንተን አውቅህ የለ።»

ጁላይ 25

የካውንቲው ባዛር። ሆኬት የጭነት መኪና ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። ቢጫውን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዲት ሴት ስለ እጥበት ክፍሉ ጠየቀችው።

«እህቴ፣ የካንሳስ ሰው መንዳት ያውቃል። ዘጠና ማይል ምንድን ነው? እኔ ለጥሩ ኮርማ ከዚያ በላይ እነዳለሁ» አለ።

ሳቁ። ኔድራ አጠገቤ ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም ማለት አትወድም።

ይህንኑ ነገር ሜይ ላይ እኔ ራሴ ብዬዋለሁ፣ በዚህ ደብተር አልጻፍኩትም እንጂ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደስ አላለኝም። ስለ ኮርማ መናገሩ ይሆናል።

ሮይስ ቀጥሎ ተናገረ። ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ ተናግሮ ወረደ። አልለመነም። ያስተማርኩት እንደዚያ ነው፤ በሦስት ነጥብ፣ ሳይጮህ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄ ላይ የሎሚ ጭማቂ ይዤ ነበር።

ኦገስት 4፣ ማክሰኞ

መረጥን። የእኛ ምርጫ ጣቢያ የእሳት አደጋ መኪናው ማቆሚያ ነው። በመዝገቡ ላይ ሰባ አንድ ሰው አለን። ኔድራ ቶሎ ወጣች። «ሮይስን ነው የመረጥኩት፣ እንድታውቀው ብዬ ነው» አለችኝ። መብቷ ነው አልኳት።

እኔ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ። እርሳሱ ጥሩ አልነበረም።

ኦገስት 5

ሆኬት አሸነፈ። በወረዳው በሙሉ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ።

አሥራ ዘጠኝ።

ሦስት መቶ ወረቀት ነው ያደልኩት።

ረቡዕ ስለሆነ ኔድራን አደረስኳት። ጆሌን እንደምን አደሩ አለችኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ኦገስት 7

ጎተራው። የየጣቢያው ውጤት በር ላይ ተለጥፏል። የእኛ፦ ሆኬት አርባ ስድስት፣ ሮይስ አሥራ ሁለት። ሊዮ ሮይስን የመረጡትን በጣቱ ይቆጥራል።

«የእኔ ቤት አራት ከእኔ ጋር። መምህሯና ባሏ፣ ስድስት። ጆሌንና እናቷ፣ ስምንት። ፓስተሩ ከነሚስቱ፣ አሥር። ኔድራ፣ አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው ማነው?»

«ጎረቤትህ ይሆናል» አለው አንዱ።

«ጎረቤቴ? እሱማ የሆኬትን ሰሌዳ ከሚስቱ መቃብር አጠገብ ሁሉ ይተክል ነበር።»

ተሳሳቁ። ስም ጠሩ፣ ጣሉ፣ ሌላ ጠሩ። ሁሉም የሁሉንም ያውቃል። ሊዮ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«ዴልማር፣ አንተ ቁጥር ታውቃለህ። ማን ይመስልሃል?»

«የምርጫ ሣጥን የሚዘጋው ለዚህ ነው» አልኩና ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ኦገስት 10

ዛሬ ጎተራው ስመለስ ሌላ ነገር ያወሩ ነበር። ሊዮ ግን ዳይስ ወርውሬ ስሸነፍ በእኔ ፋንታ እሱ ከፈለ። በሃያ ዓመት አድርጎት አያውቅም። ለምን አልኩት። «ዝም ብሎ» አለኝ።

ሴፕቴምበር 14

የሆስፒታሉ ቦርድ ደብዳቤ ላከ። ድጎማው ይሻራል የሚሉት ሰዎች በአራት ወረዳ ስላሸነፉ፣ ለእጥበት ማሽኖቹ ኮንትራት ማደስ አልደፈሩም። ክፍሉ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። የኔድራ ተራ ሔይስ ተይዞላታል፤ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ማለት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከቤት መውጣት ነው። አጋዘን በሚንጋጋበት መንገድ።

ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ቲማቲም እየላጠች ነበር።

«እስከ ስንዴ መዝሪያ ልሞክረው። ከዚያ በኋላ እናያለን» አለች።

«ምን እናያለን?»

«እናያለን ነው ያልኩህ፣ ዴልማር።»

መጠየቅ ነበረብኝ። ላስቲክ ጓዳ ውስጥ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ምን ላስቲክ እንደሆነም አላውቅም።

ሴፕቴምበር 30

የመጨረሻ ቀን። አራቱ ወንበሮች ላይ አራቱም ሰዎች ነበሩ። ጆሌን ኬክ ጋግራ አመጣች። እኔንም አስገቡኝ፤ ከዚህ በፊት ገብቼ አላውቅም። ከመስኮቱ ፒካፔ ይታያል። እኔ ሳነብ የምቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ኔድራ ከወንበሯ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየኝ ኖራለች።

ቢጫው ወረቀት ይቀጥል እንደሆነ ሊዮ ጠየቀኝ። ወረቀቱ አልቋል አልኩት። ጓዳ ውስጥ ሁለት እሽግ አለ።

ኦክቶበር 2፣ ዓርብ

በዘጠኝ ተኩል ተነሣሁ። ኔድራን ኮቷን አለበስኳት። ፒካፑን ላሙቅ ስወጣ የሌላ መኪና መብራት ግቢው ውስጥ አየሁ። ሮይስ ነው። አርባ ማይል ነድቶ መጥቷል።

«ቁልፉን ይስጡኝ፣ አጎቴ።»

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። ግራ ዓይንዎ በጨለማ እንደማያይ አውቃለሁ። አክስቴም ታውቃለች። ሊዮም ያውቃል። እርስዎ ብቻ ነዎት የማያውቁት።»

«ሥራ የለህም?»

«ነበረኝ» አለና ፈገግ አለ። «አሁን ጊዜ አለኝ።»

ይህን ያለው ሊያቆስለኝ አልነበረም። ስለዚህ የበለጠ ቆሰልኩ። ቁልፉን ሰጠሁት። ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ወዲያው ነው ያገኘሁት።

ኔድራ ከኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች። ላ ክሮስ ከተማን ካለፍን በኋላ ሁለት አጋዘን ተሻገሩ። ሮይስ ቀድሞ አይቷቸው ነበር። እኔ ያየሁት ካለፉ በኋላ ነው።

ምሥራቁ ሊቀላ ሲል፣

«አጎቴ» አለኝ።

«አቤት።»

«ሊዮ ደውሎልኝ ነበር። ስለ እናንተ ጣቢያ። አሥራ ሁለተኛው ድምፅ...»

«መንገዱን እይ» አልኩት።

«እያየሁ ነው።»

«እንግዲያው እየው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። እጁን ከመሪው አንሥቶ ጉልበቴ ላይ አደረገ፣ ወዲያው መልሶ ወሰደው። አልገፋሁትም። ከኋላ ኔድራ የተኛች መስሎኝ ነበር፤ በመስታወቱ ሳያት ዓይኗ ተገልጧል።

እኔ የምቆምበትን በወረቀት ላይ አሳትሜ፣ ስሜን ከታች አስፍሬ፣ ለሦስት መቶ ሰው ሰጥቻለሁ። የቀረው የእኔ ነው። ስለዚያ ምርጫ ለሮይስም፣ ለሊዮም፣ ለኔድራም አልናገርም፤ በዚህ ደብተርም ከዛሬ ወዲያ አልጽፍም።